የዘውድነሽ ጎማ

እሑድ ጠዋት አሰበ ተፈሪ ላይ ወደ ቅዳሴ የሚሄደው ሰው ሁሉ መንገድ ዳር እየቆመ የሚያየው ነገር አገኘ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድፎ ዳቦ የያዘ ሞሰብ ታቅፋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ በእግሯ ትሄዳለች። ባሏ አቶ በለጠ ደግሞ ከአዲስ አበባ ካመጣት ገና ሦስት ሳምንት የሆናትን ቶዮታ በአንደኛ ማርሽ እያንፏቀቀ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ጎን ለጎኗ ይነዳል። ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ድንጋይ መርጣ ለመርገጥ ስታዘግም እሱም ፍሬን ይይዛል። አንዴ ነጠላዋን ልታስተካክል ቆም ብትል ቆመ፤ ከኋላው ማገዶ ጭነው የሚመጡት አህዮችም አብረውት ቆሙ። ገለምሶ የእህቷ የአይናዲስ ልጅ ክርስትና ነው። ቅዳሜ የቡና ገበያ ስለነበር ቀድመው መሄድ አልቻሉም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ቢያመልጣቸው እንኳ ድግሱ ላይ መድረስ ነበረባቸው። በለጠ የሚሄድበትን ያውቃል፣ ዘውድነሽም ታውቃለች። የተለያዩት በመሄጃው ብቻ ነው።

«ዘውዴ፣ እስከ መኪና ተራው እንኳ ግቢ። ሰው እየሳቀብን ነው።»

«የሚስቀው በእርስዎ ነው» አለች ዘወር ሳትል። «እኔ በእግሬ ስሄድ የሚያስቅ ነገር የለውም።»

በለጠን ከምንም በላይ ያቃጠለው ይህ «እርስዎ» ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ዘውድነሽ ባሏን አንቱ ብላ አታውቅም። ሲጣሉም አንተ፣ ሲታረቁም አንተ ነበር። መኪናዋ ግቢ ከገባች ወዲህ ግን «ምሳ ይቅረብልዎ?»፣ «ውኃ ላምጣልዎ?»፣ «እርስዎ ያውቃሉ» ሆነ። ወጡ እንደ ድሮው ይጣፍጣል፣ ሸሚዙ እንደ ድሮው ይተኮሳል፤ አንድም የጎደለበት ነገር የለም። ማታ ማታ ሁለቱም በዚያች ሰፊ ሳሎን፣ በጥልፍ በተሸፈኑት ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡና ሬዲዮኑ ብቻውን ያወራል። እንግዳ ቢመጣ «እንዴት ያከብሩታል!» ብሎ ቀንቶ ይሄዳል። አክብሮት አለመሆኑን የሚያውቀው በለጠ ብቻ ነው። አጥር ነበር።

አጥሩ ለምን እንደ ታጠረ ግን የሚያውቅ መሰለው። መኪናዋን መጀመሪያ ያየች ዕለት ዘውድነሽ በረንዳ ላይ ቆማ አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ እሱን እያየች «ከየት የመጣች ናት?» አለችው። «ከጃፓን» አላት ደረቱን ነፍቶ። «ጃፓን!» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። በለጠም ነገሩን ሲያገላብጥ አድሮ ጠቡ ከጃፓን ጋር ነው ብሎ ወሰነ። እውነት ለመናገር በዚያን ጊዜ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ በአካባቢው ጃፓን ጥሩ ስም አልነበራትም። መኪና ማለት ለጭነት የጣልያን፣ ለዳገት የእንግሊዝ፣ ለክብር የጀርመን ነው። ጃፓን የሚታወቀው ካጠቡት በሚለቅ ጨርቅና በሚሸራረፍ ስኒ ነው። ለዘውድነሽ እራሷ ባለፈው ክረምት ከድሬዳዋ ያመጣላት የጃፓን ጃንጥላ በመጀመሪያው ነፋስ ተገልብጦ እጀታው ብቻ እጇ ላይ ቀርቷል። የከተማው ሰው ቶዮታዋን ሲያይ «ከሰርዲን ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ነው የሠሯት» ይላል። ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰው ሃምሳ አለቃ ኃይለየሱስ ብቻ «ጃፓንን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀልደኞች አይደሉም» ብሎ ቢከራከርም፣ እሱ ስለ ኮሪያ የሚያወራውን ሁሉ ሰዉ በግማሹ ስለሚቀበለው ምስክርነቱ ብዙ አልጠቀመም።

ስለዚህ በለጠ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለጃፓን ጥብቅና ቆመ። ምሳ ላይ ስለ ሞተሯ፣ እራት ላይ ስለ ሻንሲዋ ያስረዳል። መኪናዋን ያቆመባት ቦታ የዘውድነሽ በቅሎ ጋጣ ነበረች። የመኪናዋ ሒሳብ በመጨረሻ ትንሽ ጎድሎበት ዳማዋን በቅሎ ለበዴሳው ወዳጁ ለዓሊዩ ሸጦለት ነበር፤ ግርግሙን ነቅሎ፣ መሬቱን ደልድሎ፣ ለቶዮታዋ ማደሪያ አበጀላት። ይህን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠረውም። መኪና እያለ በቅሎ ምን ታደርጋለች?

«ስሚኝማ» አለ አሁንም በመስኮት፣ ከመኪና ተራው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው። «አዲስ አበባ የሸጠልኝ ሰውዬ ታሪኩን ሁሉ ነግሮኛል። እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው የተነሡ እንዳይመስሉሽ። መጀመሪያ የሚሠሩት የሽመና መሣሪያ ነበር። አንድ የአናጢ ልጅ እናቱ ስትሸምን ስትደክም አይቶ አዘነላትና ሥራ የሚያቀልላት ዕቃ ሠራ። እየቆየ ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም መሣሪያ አወጣ። የእሱ ልጅ ደግሞ ከዚያ በተገኘው ገንዘብ መኪና ጀመረ። የቤተሰቡ ስም ቶዮዳ ነው፤ በነሱ ፊደል ስምንት ጭረት ሲሆን ገድ አለው ብለው ቶዮታ አሉት። አየሽ ጥንቃቄያቸውን?»

ዘውድነሽ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ ወደ መኪናዋ ዞረች። በለጠ ልቡ ዘለለ።

«ሸማኔዎች ናቸው ማለት ነው?» አለች።

«የሽመና መሣሪያ… አዎ፣ እንግዲህ በአንድ በኩል…»

«እንግዲያው ጋቢ ቢያሠሩበት ይሻልዎ ነበር» ብላ መንገዷን ቀጠለች። በለጠ የለበሰችው ነጠላ፣ እሱም ትከሻው ላይ ጣል ያደረገው ኩታ የሸማኔ እጅ ሥራ መሆኑ ትዝ አለው፤ ግን ይህን ለመናገር ጊዜው አልመሰለውም። ዳቦውን እንኳ እንድትሰጠው ጠየቃት። «ዳቦውም ከኔ ጋር ይሄዳል» አለችው።

መኪና ተራው ላይ የሾፌሩ የሙሜ አሮጌ ካሚዮን ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ገለምሶ ለመነሣት ሞተሩን ያስጓራል። ሙሜ ዘውድነሽን ሲያይ ከገቢናው ወርዶ፣ መቀመጫውን በእጁ ጠርጎ፣ ሞሰቧን ተቀብሎ አስገባት። ቀጥሎ ባሏን በባዶ መኪና ሲያይ ግራ ገባው፤ ነገር ግን የሰው ቤት ነገር ነው ብሎ ዝም አለ። ዝም ያላለው ማዶ ጋራዥ ያለው ታጁዲን ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ ቶዮታዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ጎንበስ ብሎ ሆዷን ተመለከተ።

«እስካሁን እኔ ዘንድ አልመጣችም» አለ ቅር እንደተሰኘ ሰው።

«ምን ልታደርግ ትመጣለች? ምንም አልሆነችም።»

«ትመጣለች፣ ጋሼ በለጠ። ሁሉም ይመጣል። እኔ እጠብቃለሁ።»

ካሚዮኑ ተነሣ፤ ቶዮታዋም ተከተለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በለጠ በሕይወቱ ሙሉ ሲያስታውሰው የሚያሳክከው ነገር ነው። ካሚዮኑ ዳገቱን ሲወጣ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል፤ ከኋላው የሚለቀው አቧራ የቶዮታዋን መስተዋት ጭቃ አስመስሎታል። በለጠ አንዴ ቢረግጥላት ቶዮታዋ ሽው ብላ እንደምታልፈው ያውቃል፤ እግሩ ሥር ያለው ጉልበት እየተቁነጠነጠ ይሰማዋል። ግን አልፎ የት ይሄዳል? ሚስቱ ገቢና ውስጥ ናት። ትቷት ገለምሶ ቢደርስ «ዘውድነሽስ?» ለሚለው ጥያቄ ምን ሊመልስ ነው? ስለዚህ ተከተለ። ቁኒ ላይ ሙሜ ለሻይ ሲቆም በለጠም ቆሞ ልብሱን አራገፈ። ጭነቱ ላይ የተሳፈሩት ሰዎች ከላይ ሆነው ቁልቁል እያዩት ይጎሻሸማሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይለፉኝ» አለ ሙሜ በትሕትና። «አቧራ ጨረሰዎ እኮ። ወይስ መኪናዋ ዳገት ላይ እምቢ አለች?»

«እምቢ አላለችም።»

«እኔማ ችግር የለም። ከፈለጉ በገመድ አሥሬ እጎትታታለሁ።»

ከላይ ያሉት ሳቁ።  በለጠ ካለፈ ሚስቱን ጥሎ ሊሄድ ነው፤ ካላለፈ የጃፓንን ስም ሊያረክስ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ቶዮታዋ ያወራው ሁሉ ይኸው በአንድ ጠዋት፣ ሃያ ዓመት ያገለገለ ካሚዮን ጭራ ላይ ተበትኖ ቀረ። ቀና ሲል ዘውድነሽ በገቢናው የጎን መስተዋት ውስጥ ስታየው ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሷ ቀድማ ፊቷን አዞረች። እሱም «አይ፣ እኔ ቀስ ብዬ መሄድ ነው የምወድ» አለው ለሙሜ፣ እና ተመልሶ አቧራው ውስጥ ገባ።

በዴሳ ሲደርሱ ሙሜ ጨው የሚያራግፍበት ሱቅ ነበረውና ቆመ። ዘውድነሽ ሞሰቧን ገቢናው ውስጥ ትታ ወረደች፤ ሻይ ቤቶቹን አልፋ፣ በቡና መጋዘኖቹ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ ታጥፋ፣ መንገዱን አስቀድሞ እንዳጠያየቀ ሰው ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። በለጠ ቶዮታዋን ይዞ በሩቁ ተከተላት። የምትቆምበትን በር ሲያይ ፍሬን ያዘ። የዓሊዩ ግቢ ነው።

በሩ ላይ አቁሞ ሲገባ ያየውን ለረጅም ጊዜ አልረሳም። ዳማዋ በቅሎ ከዛፍ ሥር ታስራለች። ዘውድነሽ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ በመዳፏ ገብስ ታበላታለች፤ ግንባሯንም የበቅሎዋ አንገት ላይ አስደግፋ ታወራታለች። አላለቀሰችም። ብቻ ታወራለች፤ ስለ አይናዲስ ልጅ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ፤ በሦስት ሳምንት ለባሏ ከተናገረችው ሁሉ የሚበዛ ቃል፣ ያውም በአንቺ። በለጠ በዚያ ቅጽበት ጠቡ ከጃፓን ጋር እንዳልነበረ ገባው። ጃፓን ምንም አላደረገችም። እንዲያው ብላሽ ነበር የተከራከረላት።

ከቤቱ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ የዓሊዩ እናት እማማ ሞሚና ተቀምጠዋል። በጣም አርጅተዋል፤ ሁለቱም ጉልበታቸው አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዓሊዩ በለጠን ሲያይ ደስ ብሎት ሊቀበለው ተነሣ፤ አሮጊቷ ግን በምርኩዛቸው አስቆሙት።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ቲያ» አሉ ዘውድነሽን ወደ እሳቸው እየጠሩ። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። በቅሎዋ አወቀችሽ። ማን ነሽ አንቺ?»

ዘውድነሽ አጎንብሳ ሰላም አለቻቸው፤ ተቀመጠችና ነገረቻቸው። በቅሎዋ አባቷ ለሰርጓ የሰጧት ናት፤ ያን ጊዜ ገና ውርንጭላ ነበረች። እህቷ የወለደች ጊዜ ልታርሳት ገለምሶ ሄዳ ከረመች፤ ስትመለስ በበቅሎዋ ቦታ መኪና ቆሞ አገኘች። ይህን ስትናገር ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ ወደ በለጠም አላየችም። እማማ ሞሚና ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስትገዛ ሴትየዋን ጠይቀሃል?»

«እኔ ከሷ አልገዛሁም፣ ከባልየው ነው የገዛሁ። ከፍዬ ነው፣ አዬ እናቴ።»

«አንተስ?» አሉ በለጠን። «ጠይቀሃታል?»

በለጠ የበቅሎዋን ሰኮና እያየ «አልነበረችም» አለ።

«ትመለሳለች እንጂ ሞታለች እንዴ?» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አራት ዓመት ገበያ አላየሁም ነበር። እግሬ ሞቶ። ይቺ ጋንጌ፣ ይቺ በቅሎ፣ ከመጣች ሁለት ሐሙስ ወጣሁ፣ ሰው አየሁ፣ ሰውም አየኝ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ለካ የሰው ሐቅ ላይ ተቀምጬ ነው። ዓሊዩ፣ ፍታና ስጣት። እኔ ከእንግዲህ ሐራም ላይ አልወጣም።»

ዓሊዩ በለጠን አየ፤ በለጠ ዓሊዩን አየ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዘውድነሽ ግን የአሮጊቷን ጉልበት እያየች ቆየች። ጨርቁ ላይ ቅባት ወጥቶበታል፤ እግራቸው ጣት ላይ ለገበያ ሲሉ የተቀቡት ሒና ገና አልለቀቀም። ተነሥታ ወደ በቅሎዋ ሄደች፤ ግንባሯን አሻሸቻት፤ ተመለሰች።

«እማማ፣ ሐላል ይሁንልዎት» አለች። «ካንጀቴ ነው። እኔ እግር አለኝ።»

እማማ ሞሚና እጇን ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉላት። ካበቁ በኋላም እጇን አልለቀቁም። በለጠን ደግሞ በሌላ ዓይን ያዩት ጀመር።

«በበቅሎዋ ምን ገዛህበት?»

«መኪና» አለ።

«እንግዲያስ መኪናው የሷ ነዋ። ምን ያስቸግራል?»

በለጠ ነገሩን ቀለል ሊያደርገው ፈለገና፣ በኋላ ምላሱን ነክሶ የተጸጸተበትን ቃል ተናገረ። ፈገግ ብሎ «እማማ፣ መኪና እኮ ውድ ነው። በቅሎዋ ከመኪናዋ ላይ ብትታሰብ አንድ ጎማ ብትሆን ነው» አለ።

ዓሊዩ ሊስቅ ጀምሮ የእናቱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ዘውድነሽ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«እንግዲያው ጎማዬን ፍታልኝ» አለችው። «የፊተኛውን፣ በቀኝ በኩል ያለውን።»

በለጠ መጀመሪያ የሰማው «ፍታልኝ» የሚለውን ነው። ይፍቱልኝ አላለችም! ከሦስት ሳምንት በኋላ አንተ ተባለ። ደስታው እንደ ሞቀ ውኃ ከጀርባው እስኪወርድ ድረስ ምን እንዳዘዘችው ልብ አላለም። ልብ ሲልም ቀልድ እንደሆነ ለማረጋገጥ ፊቷን አየ። ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ ኮቱን አውልቆ ለዓሊዩ ሰጠ፣ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን ከመቀመጫው ሥር አወጣ፣ የክርስትና ሱሪውን እንደለበሰ አቧራው ላይ ተንበረከከ። የመጀመሪያውን ብሎን አላልቶ ቀና አለ፤ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፣ «በቃ ተወው» አትልም። ሁለተኛውን አላላ። የበዴሳ ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

«ምን ሆነች?» ይላል አንዱ።

«ጃፓን አይደለች? በዴሳ መድረሷም ተመስገን ነው» ይላል ሌላው።

በዚያው ሰዓት የሙሜ ካሚዮን ጥሩምባውን እየነፋ በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። ሙሜ ቶዮታዋን በክሪክ ተነሥታ፣ አቶ በለጠን ከሥሯ ተንበርክኮ ሲያይ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። ጭነት ላይ ያሉትም ነቀነቁ። ዘውድነሽ ሂድ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ሞሰቧን ብቻ ተቀበለችው። በለጠ «አልተበላሸችም! ይህ የሚስቴ ጎማ ነው!» ብሎ ሊጮኽ ፈለገ፤ ግን ይህን ብሎ የሚያስረዳው ሰው በዓለም ላይ እንደማይኖር ተረዳ። ዝም ብሎ የመጨረሻውን ብሎን ፈታ። ጎማውን አወጣ፣ እያንከባለለ ወደ ግቢው አስገባ፣ እግሯ ሥር አጋደመው።

«ይኸው ጎማሽ» አለ። ላቡን በክንዱ ጠረገና ቆመ። «አልጠየቅሁሽም። መጠየቅ ነበረብኝ። አባትሽ ሲሰጡሽ እኮ እኔም ቆሜ ነበር፤ ገመዷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስሸጣት ግን ምንም ትዝ አላለኝም። እንዴት ትዝ እንዳላለኝ አላውቅም።»

ዘውድነሽ ጎማው ላይ ተቀመጠች።   በቅሎዋ ገብሷን ታኝካለች።

«ያለዚህ ጎማ መኪናህ የት ትሄዳለች?» አለች በመጨረሻ።

«የትም።»

«እኔስ ጎማ ይዤ የት እሄዳለሁ?»

በለጠ ወደ መኪናዋ ተመልሶ ሊብሬዋን ከመሳቢያው አወጣና አምጥቶ ሰጣት። «ሁለቱም የትም ካልሄዱ አንድ ቦታ ይሁኑ» አለ። «በስምሽ እናዞራታለን። ሐረር አብረን እንሄዳለን፣ እዚያ ይሠራል። ምስክር ቢያስፈልግ ዓሊዩ አለ።» ዘውድነሽ ሊብሬዋን ገልጣ የባሏን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ አጥፋ ከነጠላዋ ጫፍ፣ ገብሱ ከነበረበት ላይ ቋጠረችው። ከዚያ ተነሥታ ጎማውን በእግሯ ገፋ አደረገችለት። «መልሰህ እሠረው። አጥብቀው ደግሞ።» ብሎኖቹን ሲያስር አጠገቡ ቆማ አንድ በአንድ ቆጠረች።

እማማ ሞሚና ዳቦ ሳንቀምስ አንለቃችሁም ስላሉ ድፎው ላይ አንድ ጥግ ተቆረሰ። ዘውድነሽ ወደ ቶዮታዋ ስትወጣ ደረጃዋ ከፍ ብሎባት ነበር፤ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ግራ እግሯን እርካብ ላይ እንደሚያደርግ ሰው አስቀድማ፣ አንድ ጊዜ ወጣችና ወንበሩ ላይ ተስተካከለች። ከበዴሳ እስከ ገለምሶ ባለው መንገድ መጀመሪያ ላይ በመስኮት ቡናውን እያየች ሄደች። አንድ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን በለጠ ሲረግጣት ቶዮታዋ ያለ ምንም ጣጣ ወጣች፤ ዘውድነሽ ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠቻት።

«ወገቧ ጠንካራ ነው» አለች። «አታቃስትም።»

«አላልኩሽም?»

«አንተ ያላልከው ነገር የለም። መች አስደመጥከኝ?» ቀጥላም «ያን አሮጌ ካሚዮን ለምን አላለፍከውም? ሰው ሁሉ ሲስቅብህ?» አለችው።

«አንቺን ትቼ የት ልሂድ?»

ዘውድነሽ በመሐረቧ ፊቱ ላይ የቀረውን አቧራ ጠረገችለት። «መንገዱን እይ» አለችው።

ገለምሶ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። ሙሜ ጃፓኗ በዴሳ ላይ ጎማዋ መውለቁን ለሰማውም ላልሰማውም ተናግሯል። የአይናዲስ ባል ዘገየ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ነገር በጽሑፍም በቃልም ማሳመር ያውቃል። ከጎረቤት በተለቀሙ ወንበሮች የተሞላችው ሳሎን ውስጥ እንግዶቹን ሰብስቦ «ባለ ጃፓኑ በለጠ ማታ በእግሩ ይመጣል፤ ለእራት ቆጥቡለት» እያለ ያስቃቸው ነበር። ቶዮታዋ አቧራ እንደ ለበሰች ደጃፍ ላይ ስትቆም እንግዶቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ አንዱ መስኮቷን አወጣ አወረደ፤ ዘገየ ደግሞ ሳይጠየቅ ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

«ጎማዋ ወልቆ ነበር አሉ» አለ ከላይ ሆኖ።

«ወልቆ ነበር» አለ በለጠ።

 ዘውድነሽ እህቷን አቅፋ፣ ሕፃኑን ስማ፣ የተቆረሰውን ድፎ ለምን እንደ ተቆረሰ እየነገረቻት ወደ ጓዳ ገብታ ነበር። ምሳው ተበላ። የበግ ዋጋ ስለ መወደዱ፣ አንድ ጠቦት እስከ አሥራ ሁለት ብር ስለ መጠራቱ፣ የክርስትና አባቱ ስለ ማርፈዱ ተወራ። ዘገየ ግን ወሬው አልያዘውም፤ ዓይኑ በመስኮቱ አሻግሮ ወደ ደጃፍ ይሄዳል። ጠላው ሁለተኛ ሲቀዳ ወንበሩን ወደ በለጠ አስጠጋ።

«ወንድሜ፣ ረቡዕ ዳኛው ከአሰበ ተፈሪ ይመጣሉ። በካሚዮን ጭነት ላይ እንዳላመጣቸው አፍራለሁ። ያቺን መኪናህን ላክልኝ። እኔም በዚያው ለሁለት ቀን ያህል…» አለና ቀሪውን በእጁ አመለከተ። «ጃፓንም ብትሆን ለአካባቢው አትከፋም።»

ለበለጠ እንዲህ ያለ ነገር መስጠት ቀላል ነበር። ለዘመድ «ውሰድ» ማለት ይወዳል፤ አፉ ውስጥም ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«የኔ አይደለችም» አለ። «ባለቤቷን ጠይቅ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ? ማን ነው ባለቤቷ?»

«ባለቤቷ ባለቤቴ ናት።»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የቃል ጨዋታ መሰለው፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። በለጠ አብሯቸው ስላልሳቀ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ዘገየ ወደ ጓዳው በር ዞረ። ዘውድነሽ የወጥ ድስት ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ዘገየ ይህችን ሴት ጨው ጨምሪልኝ ከማለት በቀር አንድ ነገር ጠይቋት አያውቅም። አሁን ከወንበሩ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ዘውድነሽ» አለ፣ ችሎት ፊት እንደሚቀርብ ሰው ድምፁን አለስልሶ፣ «አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

ዘውድነሽ ድስቱን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች፤ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ተቀመጥ፣ ዘገየ» አለችው። «በደንብ አስረዳኝ። ማን ነው የሚነዳት?»